በአፍንጫ ወይም በሆድ ቱቦ የሚመገብ ሕመምተኛ ለራሱ የሚሰጠው ግምት፦ ባለሙያዎችና አስታማሚዎች ምን ታዝባችኋል?

ተረኛ ነርስ (ውይይቱን የከፈተች)
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ጤና ይስጥልኝ፣ የዚህ መድረክ ተሳታፊዎች። በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ክፍል ለዘጠኝ ዓመታት ያገለገልኩ ነርስ ስሆን፣ ይህን ጉዳይ ለውይይት እንዳቀርብ ያስገደደኝ በክፍላችን ተኝተው የነበሩ የአንዲት እናት ሁኔታ ነው። እኚህ እናት ከአርሲ የመጡት፣ በአርሲና በባሌ በብዛት የሚታየው የምግብ መውረጃ ቧንቧ ካንሰር ይዟቸው መጀመሪያ እንጀራው፣ ቀጥሎ ገንፎው፣ በመጨረሻም ውሃው አልወርድ ካላቸው በኋላ ነበር። ሐኪሞቹ በሆዳቸው በኩል የመመገቢያ ቱቦ ተከሉላቸው። ወተት፣ አጥሚትና የተጣራ ሾርባ በሲሪንጅ እየገባላቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ ፊታቸው መለስ አለ፤ ቁስሉም ደረቀ። እኛም በካርዳቸው ላይ «በደህና ሁኔታ ላይ ናቸው» ብለን ጻፍን።

ይሁን እንጂ የጠያቂ ሰዓት በደረሰ ቁጥር ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስበው ወደ ግድግዳው ይዞራሉ፤ እኔንም «ተኝታለች በያቸው» ይሉኛል። አንድ ቀን አልጋቸው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ልጆቻቸው ያን ያህል መንገድ መጥተው ሳያነጋግሯቸው የሚመለሱት ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ እነሱ የሚያዩት እኔን አይደለም፤ ይቺን ጎማ ነው። በቤቴ ሳለሁ እንግዳ ሳላበላ ሸኝቼ አላውቅም፤ ዛሬ እንደ ጀሪካን ስሞላ ቆመው ያዩኛል» አሉኝ።

ስለ ቱቦው ብዙ ተምረናል። ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ጆሮ፣ ከጆሮ እስከ ደረት አጥንት መጨረሻ እንዴት እንደሚለካ፣ ጨጓራ መድረሱ እንዴት እንደሚረጋገጥ፣ በስንት ሰዓቱ በውሃ እንደሚታጠብ በቃላችን እናውቃለን። ቱቦው የገባለት ሰው ስለ ራሱ ምን እንደሚያስብ የሚጠይቅ መስመር ግን በምንሞላቸው ቅጾች ላይ አላየሁም። ሕመምተኛው በራሱ ዓይን እንዳያንስ የሚያደርገው ወይም የሚያሳንሰው ምን እንደሆነ፣ ቱቦ የነበራችሁም ሆናችሁ ያስታመማችሁ ብታካፍሉኝ እወዳለሁ።

---

ቀዶ ሐኪሙ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡15

ውይይቱን ስለከፈትሽልን አመሰግናለሁ። ጉዳዩን በቅርብ የማያውቅ አንባቢም እንዲከታተለን ስለ ቱቦዎቹ ጥቂት ልበል። በአፍንጫ ገብቶ ጨጓራ የሚደርሰው ቱቦ፣ በተለምዶ ኤንጂ ቲዩብ የምንለው፣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ላልበለጠ ጊዜ የታሰበ ነው። ከዚያ በላይ ለሚያስፈልገው ሰው በሆድ በኩል የሚተከለው ይመረጣል። ሆድ ሳይከፈት በኢንዶስኮፒ (በአፍ ገብቶ ውስጥን በሚያሳይ ባለ ካሜራ ቱቦ) እየታየ የሚተከለውን፣ ፔግ የሚባለውን ዘዴ በ1979 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ክሊቭላንድ ውስጥ የጀመሩት ሚካኤል ጋውደረር እና ጄፍሪ ፖንስኪ ሲሆኑ፣ መጀመሪያ የተሠራለትም ዓመት ያልሞላው ሕፃን ነበር። በእኛ ሀገር ኢንዶስኮፒው በየቦታው ስለሌለ ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ነው የሚተከለው፤ ለዚሁ ተብሎ የተሠራው ቱቦ ሲጠፋም ለሽንት የምንጠቀምበትን ፎሊ ካቴተር እንተክላለን። ሥራውን በሚገባ ይሠራል።

ወደ ጥያቄሽ ስመጣ ግን አንድ ስጋት አለኝ። እኔ በሥራዬ ያየሁት፣ ሰውን ከቱቦ ይልቅ የሚያዋርደው ረሃብ መሆኑን ነው። ምራቁን መዋጥ አቅቶት ቆርቆሮ ይዞ የሚመጣ፣ ልብሱ ከአጥንቱ ላይ የሚንጠለጠል ሰው ቱቦው ከገባለት በኋላ ተነሥቶ ሲራመድ አያለሁ። «ሰው ምን ይለኛል» በማለት ቱቦውን አልፈልግም ብለው ወደ ቤታቸው የተመለሱ ሰዎችም ገጥመውኛል፤ መጨረሻቸውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ስለ ኀፍረቱ አብዝተን ባወራን ቁጥር ኀፍረቱን እንዳናሳድገው እፈራለሁ።

---

ባለ ቱቦው የነበርኩ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡05

ዶክተር፣ አክብሮቴን አስቀድሜ፣ ከእርስዎ ጋር የማልስማማበትን በዝርዝር ልጽፍልዎ። እኔ መምህር ነኝ። በአንገቴ ላይ በተሰጠኝ የጨረር ሕክምና ምክንያት አምስት ሳምንት በአፍንጫዬ፣ ከዚያም ሰባት ወር በሆዴ ቱቦ ተመግቤያለሁ። ዛሬ በአፌ እበላለሁ። ቱቦው ሕይወቴን እንዳተረፈ አልክድም፤ ቢሆንም የተረፈው ሰው ማን እንደነበር ለማወቅ ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል።

የአፍንጫው የከፋ ነበር፤ ምክንያቱም ሰው ፊቱን ጋቢ አያለብሰውም። ጉንጬ ላይ የሚለጠፈው ፕላስተር በላብ ይላቀቃል፣ አቧራ ይይዛል፣ ጠርዙ ይጠቁራል። አፍንጫዬ ያለማቋረጥ ይፈስሳል፤ መሐረቤን ሳወጣ ቱቦው ተጎትቶ ዓይኔ እንባ ያቀርራል፤ ያየኝ ሁሉ አለቀሰ ይለኛል። ጢሜን ስላጭ ከመስተዋቱ ላይ ዓይኔን አንሥቼ በእጄ ዳሰሳ ብቻ መላጨት ለመድኩ።

ሁለተኛው ነገር አጠራሩ ነው። በሆስፒታሉ ስሜ ካርዱ ላይ ተጽፎ ሳለ፣ ተረኞቹ ሲቀያየሩ «የ12 ቁጥሩ ቱቦ ገብቶለታል?» ይባባሉ ነበር። ይህችን አነጋገር እንደ ቋንቋ መምህርነቴ ብዙ አሰብኩባት። በእኛ አማርኛ ሰው ሰላምታ ሲሰጥ «ምሳ በላህ?» ይላል፤ የሚበላው ሰው የግሡ ባለቤት ነው። እኔ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ መብላት አቆምኩና «የሚገባልኝ» ሆንኩ። ስድስት ሰዓት ሲሆን የምሳ ዕቃ ሲከፈት፣ የሽሮው ሽታ ክፍሉን ሲሞላው፣ ከጎኔ ያለው ሕመምተኛ «እንብላ» ካለ በኋላ እኔን አይቶ ይደነግጥና ይቅርታ ይጠይቀኛል። ይቅርታው ከሽታው ይልቅ ያሳምማል።

ሦስተኛ፣ እርስዎ «ሥራውን በሚገባ ይሠራል» ስላሉት የሽንት ቱቦ። ሐኪሙ ሲያብራራልኝ ምንም አልነገረኝም። ሊያስታምመኝ የመጣው ወንድሜ ግን ልብሴን ሲቀይርልኝ አየውና በቅንነት «ይሄ የሽንት አይደለም እንዴ?» አለ። ምግቤ በምን እንደሚገባ ካወቅሁ በኋላ ለሁለት ቀን ሲሪንጅ አላስነካም አልኩ። አስቀድሞ «ላስቲኩ አንድ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ለሆድ የሚሆን ስላጣን ነው» ብሎ ያስረዳኝ ሰው ቢኖር ያ ሁለት ቀን ባልባከነ ነበር። ኀፍረቱን ያሳደገው ዝምታው ነው ማለት እንጂ ማውራቱ ነው ለማለት ይከብደኛል።

---

የአባቷ አስታማሚ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡30

መምህር፣ የጻፉትን ለእናቴ አነበብኩላትና ሁለታችንም ዝም አልን። አባቴ ስትሮክ መትቶት ቀኝ ጎኑ አይታዘዘውም፤ ንግግሩም ተይዟል። መዋጥ ስላቃተው ሆስፒታል በገባ በሁለተኛው ቀን በአፍንጫው ቱቦ ገባለት። ሦስት ጊዜ በግራ እጁ መዝዞ አወጣው። በሦስተኛው ሌሊት ማግስት ጠዋት ስመጣ የግራ እጁን በፋሻ ከአልጋው ብረት ጋር አስረውት አገኘሁ። ምክንያቱን ነገሩኝ፤ ቱቦው ግማሽ መንገድ ላይ ወጥቶ ምግቡ ቢፈስ ሳንባው ውስጥ ሊገባ ይችላል አሉ። ተረድቻለሁ። ነገር ግን አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የሠራ፣ እስረኛ በሰንሰለት ሲገባ ቆሞ መንገድ የሚለቅ ሰው ነበር። የታሰረች እጁን ወደ እኔ አነሣ አድርጎ አሳየኝ፤ የተናገረው ነገር የለም፤ መናገርም አይችልም ነበር።

ፈትቼው ቀንና ሌሊት ተራ ገብተን እጁን ይዘን መቀመጥ ጀመርን። በኋላ አንዲት ነርስ እጅ እንደ ጓንት የሚሸፍን ነገር ከፎጣ ጠቅልላ ሠራችለት፤ ጣቶቹ ቱቦውን መጨበጥ አይችሉም፣ እጁ ግን እንደ ልቡ ይንቀሳቀሳል። ያን ጊዜ ነው ፊቱ የተፈታው።

ሌላም ልናገር፤ ጥፋቱ የእኛ ስለሆነ ይከብደኛል። አክስቴ «ወንድሜ እህል ሳይቀምስ ስንት ቀን ሊሆነው ነው» ብላ፣ ሰው ዞር ሲል ለስለስ ያለ ገንፎ በቅቤ አጎረሰችው። ዓይኑ ሲበራ አይቻለሁ፣ አልዋሽም። ከዚያ ሳል ጀመረው፤ በሁለተኛው ቀን ትኩሳት መጣ፤ የሳንባ ምች ሆነና አንድ ሳምንት በኦክስጅን ከረመ። ስለዚህ ሰውየው እንዳይከፋው ብለን ያደረግነው ሊገድለው ነበር። ጉርሻ ለከለከልነው ሰው በምትኩ ምን እንደሚሰጥ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

---

ከሜሪላንድ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡50

እህቴ፣ አባትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። እኔ እዚህ ሜሪላንድ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት በረዳትነት ስሠራ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ቱቦውን የምትነካው ነርሷ ናት፤ የማጥበው፣ የማለብሰውና በተሽከርካሪ ወንበር የምገፋው ግን እኔ ስለሆንኩ የሰዎቹን ጉዳይ በቅርብ አውቃለሁ።

ያየኋቸውን ጥቂት ነገሮች ላካፍል። ቱቦው ለረጅም ጊዜ የሚያስፈልገው ሰው፣ ቁስሉ ከዳነ በኋላ ረጅሙ ወጥቶ እንደ ልብስ ቁልፍ ከሆድ ቆዳ ጋር ልክ የሚሆን አጭር መሣሪያ ይደረግለታል፤ ማራዘሚያው የሚቀጠለው በምግብ ሰዓት ብቻ ነው። ከልብስ ሥር ስለማይታወቅ ሴቶቹ በተለይ ይወዱታል። ምግቡ ሌሊት በፓምፕ ቀስ እያለ እንዲገባ የሚደረግላቸው አሉ፤ ቀን ቀን ከምንም ነገር ጋር ሳይታሰሩ ይውላሉ። በየዓመቱ በየካቲት አካባቢ፣ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚከበር ስለ መመገቢያ ቱቦ የግንዛቤ ሳምንትም አላቸው፤ ወላጆች የልጆቻቸውን ሆድ ፎቶ አንሥተው ያሳያሉ። ይህ የመጨረሻው ለእኛ ሰው የሚሆን አይመስለኝም። እኛ ዘንድ የታመመ ሰው ስሙ እንኳ በሹክሹክታ ነው የሚነሣው፤ እኔ ራሴም ቢሆን የእናቴን ሆድ ፎቶ አላነሣም።

አንድ ነገር ግን ያስቆጣኛል። ብዙ ቦታ ቱቦ ያለበትን ሰው በምግብ ሰዓት «እንዳይከፋው» ብለው ክፍሉ ውስጥ ዘግተውት ይሄዳሉ። አንዲት ሐበሻ እናት ነበሩን። ከሰዓት በኋላ ብቻቸውን ከቴሌቪዥን ጋር ይቀመጣሉ። አንድ እሑድ ልጃቸው ጀበናና ሲኒ ይዛ መጥታ ክፍሉ ውስጥ ቡና ስታቀርብ፣ ሲኒውን የሚቀዱት እሳቸው ሆኑ። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ አንዲት ጠብታ ሳይፈስ ቀዱ። እሳቸው አይጠጡም፤ የሚቀዳላቸው ሳይሆኑ ቀጂ መሆናቸው ግን በቂ ነበረ።

በዚያው ላይ፣ የመርሳት በሽታቸው እጅግ ለጠናባቸው አረጋውያን ቱቦ እንዳይገባ የአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር እንደሚመክር መታወቅ አለበት፤ በትዕግሥት በእጅ ማጉረሱን ይመርጣሉ፤ ቱቦው ዕድሜ እንደማያስረዝም፣ ሰዎቹም ስለሚነቅሉት እንደሚታሰሩ ስለታየ ነው። የአባትሽ ሁኔታ ከዚያ የተለየ ነው፤ አትሳሳቺ። በስትሮክ የጠፋ መዋጥ ብዙ ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል።

---

የምግብ ባለሙያ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡20

ከላይ የተነሡትን በሥራዬ በኩል ላሟላ። «በቱቦ» ስንል ብዙ ሰው የሚያስበው መድኃኒት ነው፤ ምግብ መሆኑ ይረሳል። ምግብ ከሆነ ደግሞ ሰዓት አለው። ቤተሰቡ ቁርስ፣ ምሳና እራት በሚበላበት ሰዓት ቢሰጥ ከሕክምናው አንጻር የሚያጎድለው ነገር የለም፤ በመካከል ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይጨመራል። አብዛኛው አዋቂ በአንድ ጊዜ ከ200 እስከ 300 ሚሊ ሊትር ይችላል። ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ቀና ብሎ ተቀምጦ፣ ከበላ በኋላም እስከ አንድ ሰዓት እንዲሁ ቀና ብሎ መቆየት አለበት። እንግዲህ ተቀምጦ መብላት የሳንባውም ጥበቃ ነው፤ ተጋድሞ ከመሞላት ይልቅ ከሰው ጋር ፊት ለፊት ያገናኘዋል።

ሁለተኛ፣ ምን እንደገባለት ለሕመምተኛው ይነገረው። «ዛሬ የዶሮ ሾርባ ነው፣ ቤት የተሠራ» ሲባል የሚሰማው ስሜት ዝም ብሎ ነጭ ነገር ሲገባለት ከሚሰማው ጋር አንድ አይደለም። በዐቢይ ጾም ወቅት ወተት ስለገባባቸው ብቻ ሌሊቱን ሲያለቅሱ ያደሩ አንድ አባት ነበሩ። የንስሐ አባታቸው መጥተው ለሕመምተኛ የተፈቀደ መሆኑን ቢነግሯቸውም ልባቸው አላረፈም፤ ስለዚህ በአኩሪ አተርና በለውዝ ወተት፣ በቀጭን የገብስ አጥሚት ቀየርንላቸው። ዘይትና ስኳሩን ጨመርን፤ ሒሳቡ ደረሰ። ለእሳቸው ይህ የምግብ ዓይነት ጥያቄ አልነበረም፤ ጾመኛ ሆነው የመቆየት ጥያቄ ነበር። በዚሁ አጋጣሚ፣ ተልባ በቱቦ እንዳታስገቡ፤ ይጓጉላል፣ ቱቦውን ይደፍነዋል። ቤት የሚሠራው ሁሉ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለል፣ ከተሰጠ በኋላም 30 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ይከተል።

ሦስተኛ፣ አፍ። በአፉ የማይበላ ሰው አፉ አይታጠብም ማለት አይደለም፤ እንዲያውም የበለጠ ይቆሽሻል። የአፉ ሽታ ስለሚታወቀው ሰው ሲቀርበው ፊቱን ያዞራል። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ጥርሱ ቢፋቅ፣ ከንፈሩ ቫዝሊን ቢቀባ፣ ምላሱ በእርጥብ የቁስል ጨርቅ (ጎዝ) ቢጠረግ ጠያቂ አይሸሽም። ለአባቷ አስታማሚ፦ ጉርሻውን የሚተካ ነገር ፈልገሻል። ሐኪሙ ወይም የመዋጥ ችሎታውን የሚመረምረው ባለሙያ ከፈቀደ፣ በጎዝ ጫፍ የተነከረ የቡና ወይም የማር ጣዕም ምላሱ ላይ ማሳረፍ ይቻላል። ሳይፈቀድ ግን አይደረግም።

---

የመድረኩ አወያይ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡45

ቱቦን በቅጠላ ቅጠል ስለመተካት የተጻፈ አንድ አስተያየት ከመድረኩ ተሰርዟል። ውይይቱ በርእሱ ላይ ይቀጥል።

---

አማካሪ በሥነ ልቦና
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡10

እስካሁን በተባለው ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ተቀላቅለው አይቻለሁና ልለያቸው እሞክራለሁ። አንደኛው ሰው ስለ አካሉ መልክ የሚሰማው ነው፤ የመምህሩ መስተዋት እዚያ ይገባል። ሁለተኛው ኀፍረት ነው፤ ኀፍረት የሚኖረው የሚያይ ዓይን ባለበት ነው፤ የአርሲዋ እናት ግድግዳ እዚህ ነው። ሦስተኛውና ጠለቅ ያለው «እኔ ዋጋ አለኝ ወይ?» የሚለው ነው። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ሞሪስ ሮዘንበርግ በ1965 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ እስከ ዛሬ በብዙ ቋንቋ የሚሠራበት የ10 ጥያቄዎች መለኪያ የሚመረምረው ይህን ሦስተኛውን ነው። ስለ መልክ አንድም ጥያቄ የለበትም፤ የሚጠይቀው ሰው ራሱን እንደ ሌሎች ሰዎች ዋጋ ያለው አድርጎ ያይ እንደሆነ፣ እንደ ሌሎቹ ነገር መሥራት ይችል እንደሆነ፣ ጥቅም የለኝም ይል እንደሆነ ነው።

ለዚህ ነው የመሸፈኛ መጋረጃና አጭር ቱቦ የሚጠቅሙት ግን የማይበቁት። መጋረጃው ኀፍረቱን ያስታግሳል፤ «ምን ልሠራ እችላለሁ?» የሚለውን አይመልስም። ቡና የቀዱት እናት የተመለሰላቸው ሥራቸው ነው። በ1979 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በአፍንጫ ቱቦ በሚመገቡ ሕመምተኞች ላይ የታተመ ጥናት፣ ሰዎቹን ካስጨነቋቸው ነገሮች መካከል ማጣጣም፣ ማኘክና መዋጥ መከልከልን፣ ጥማትንና የአፍ መድረቅን ከቱቦው ሕመም ጋር አብሮ አስቀምጧል። የሚጠይቃቸው ሲገኝ ሕመምተኞች ይናገራሉ ማለት ነው።

---

ባለ ቱቦው የነበርኩ
ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡00

አማካሪ፣ ክፍፍልዎ ጠቅሞኛል፤ ሆኖም አንድ ነገር እንዳይዘለል እፈልጋለሁ። ሰዎች ደግ ቢሆኑልኝም፣ ስሜን ቢጠሩኝም፣ እንጀራ መቁረስ አለመቻሌ በራሱ ጉድለት ነበር። ሚስቴ እጅግ አስተዋይ ናት፤ ማዕድ ሲቀርብ እኔም ከመሶቡ ዙሪያ እንድቀመጥ ታደርግ ነበር። አንዳንድ ቀን ደስ ይለኛል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ልጆቼን ማጉረስ ጀምሬ እጄ መሐል ላይ ይቆማል። ስለዚህ «ከቤተሰቡ ጋር ይቀመጥ» የሚል ደንብ አታውጡ። ጠይቁት። ዛሬ መቀመጥ ትፈልጋለህ ወይስ በረንዳ ላይ ትሆናለህ ብላችሁ በየቀኑ ጠይቁት። ለእኔ ያን ጊዜ ከቀሩልኝ ጥቂት ውሳኔዎች አንዱ እሱ ነበር።

ሁለተኛው ውሳኔዬ ሲሪንጁ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አንዲት ነርስ «መምህር፣ ለምን ራስዎ አይሞክሩም?» ብላ በእጄ ሰጠችኝ። መክደኛውን ከፍቼ፣ ቱቦውን ቆንጥጬ ይዤ፣ ሾርባውን ቀድቼ፣ ቱቦውን ስለቅቀው ሲወርድ አየሁ። ሞቅ ያለ ነገር ሆዴ ውስጥ ሲደርስ ተሰማኝ። በዚያን ቀን ለወንድሜ በስልክ «ምሳ በላሁ» አልኩት።

---

ቀዶ ሐኪሙ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡25

መምህር፣ ስለ ፎሊ ካቴተሩ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ረሃብ ይበልጥ ያዋርዳል ያልኩትን አልመልስም፤ በየሳምንቱ የማየው ስለሆነ። ነገር ግን ቱቦውን አልፈልግም ብለው የሄዱት ሰዎች የሄዱት በማውራታችን ነው ብዬ ማሰቤ ስሕተት ሳይሆን አይቀርም፤ ምናልባት ማንም ሳያወራቸው ነው የሄዱት። ከዛሬ በፊት ለሕመምተኛ ፊርማ ሳስፈርም «በሆድዎ ቱቦ እናስገባለን» ብቻ ነበር የምለው። ዛሬ ጠዋት ለአንድ ሰው ቱቦውን በእጁ ሰጥቼ አሳየሁት፤ ከምን እንደተሠራ፣ ለሌላ ምን እንደሚያገለግልና ለምን እሱን እንደምንጠቀም ነገርኩት። ትንሽ አሰበና «ንጹሕ እስከሆነ ድረስ ምን ቸገረኝ» አለኝ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

አንድ ሙያዊ ነገር ልጨምር። ቱቦው የሚወጣበትን ቦታ ከመቁረጣችን በፊት ሰውየውን ቁጭ አድርጎ፣ ወንድ ከሆነ ቀበቶውን፣ ሴት ከሆነች መቀነቷን የት እንደምትታጠቅ ማየት ይቻላል። መቀነት የሚያርፍበት ላይ የወጣ ቱቦ ይፋተጋል፣ ያፈሳል፣ ቆዳውም ይላጣል፤ ሴትየዋም ከቤት መውጣት ትተዋለች። ጥቂት ጣት ከፍ ማድረግ በእኛ እጅ ነው፤ ሁልጊዜ አስበንበታል ለማለት ግን አልደፍርም።

---

ተረኛ ነርስ
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 4፡00

ለሁላችሁም ምስጋናዬ ከልብ ነው። የእኚያን እናት ቀሪ ታሪክ ሳልነግራችሁ ቀርቻለሁ። ወሩ ረመዳን ነበር። ሕመምተኛ እንደመሆናቸው ጾም አይገደዱም፤ ይህን እሳቸውም ያውቁታል። ሆኖም ማታ ማታ ሁለቱ ሴት ልጆቻቸው ከአልጋው አጠገብ ወለል ላይ ጋዜጣ አንጥፈው ሲያፈጥሩ እሳቸው ግድግዳውን ያያሉ። አንድ ማታ ታናሽየዋ ልጅ መጥታ፣ የ12 ሰዓቱን ምግብ ጥቂት ማዘግየት ይቻል እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሐኪሙን አማከርኩ፤ የሃያ ደቂቃ ጉዳይ ነው አለ። አዛን ሲሰማ ልጆቹ ተምራቸውን አነሡ፤ እናትየውም ቀና ብለው ተቀምጠው፣ በመጋረጃው ከሌሎቹ ተከልለው፣ ሲሪንጁን በራሳቸው እጅ ይዘው «ቢስሚላህ» አሉ። ታላቅየዋ ሾርባውን ትቀዳለች፤ እሳቸው ከፍና ዝቅ እያደረጉ ፍጥነቱን ይወስናሉ። ግማሽ ላይ ሲደርሱ ወደ እኔ ዞረው «ብሉ እንጂ፣ ምን ቆመሽ ታያለሽ» አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠያቂ አልመለሱም ብል ውሸት ይሆናል፤ ጎረቤቶቻቸውን እስከ መጨረሻው አላስገቡም። ልጆቻቸውን ግን አስገቡ።

የመምህሩን አስተያየት ካነበብኩ ወዲህ በተረኛ ርክክብ ላይ «ገባላቸው» የሚለውን ትቼ «በሉ» ማለት ጀምሬያለሁ። አንዱ ባልደረባዬ «በምን አፋቸው?» ብሎ ቀለደብኝ። ዛሬ ጠዋት ግን ራሱ «የ7 ቁጥሯ እናት ቁርስ በልተዋል፣ 250» ሲል ሰምቼዋለሁ።

---

የአባቷ አስታማሚ
ዓርብ፣ ከቀኑ 9፡15

አባቴ ከሆስፒታል ወጥቶ ቤት ነው፤ ቱቦው ገና በአፍንጫው ነው። ሲሪንጁን ራሱ እንዲይዝ ፈለግሁ፤ ነገር ግን በግራ እጁ ብቻ ገፊውን መጫን አልቻለም። ምን ይሻላል?

---

የምግብ ባለሙያ
ዓርብ፣ ከቀኑ 10፡40

ገፊውን ጨርሶ አውጪው። የ60 ሚሊ ሊትሩን ሲሪንጅ ባዶ በርሜሉን ብቻ ከቱቦው ጋር አገናኝተሽ በግራ እጁ ይያዝ፤ አንቺ ከላይ ቅጂ። በራሱ ክብደት ይወርዳል። ከፍ ሲያደርገው ይፈጥናል፣ ዝቅ ሲያደርገው ይዘገያል። ቀስ ብሎ ይሁን፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይውሰድ። ቀና ብሎ መቀመጡን፣ አስቀድሞም አፍንጫው ቀዳዳ ላይ ያለው የቱቦው ምልክት ከቦታው አለመንቀሳቀሱን አትርሺ።

---

የአባቷ አስታማሚ
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 7፡50

ዛሬ ምሳ ላይ ሞከርነው። መጀመሪያ ብዙ ከፍ አደረገውና እኔ ስደነግጥ ዝቅ ሲያደርገው ግማሹ አጥሚት ጋቢው ላይ ፈሰሰ። አባቴ በደህናው ጎኑ ሳቀ። ስትሮኩ ከመታው ወዲህ ሲስቅ የመጀመሪያው ነው። ጋቢውን ልቀይርለት ስል በእጁ ከለከለኝና ወደ ማሰሮው አመለከተኝ፤ የቀረውን ድገሚኝ ማለቱ ነው።